በዛብህን ማን ገደለው?

ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ወሬ በተነሣ ቁጥር የበዛብህን ገዳይ ለማግኘት የሚቸገር የለም። «ሥርዓቱ ነዋ!» ይባላል፤ ፊታውራሪ መሸሻ ከነትዕቢታቸው ይወገዛሉ፤ ክርክሩም ያበቃል። እኔ ግን የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝና በዚህ ፍርድ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። አንድ ተከሳሽ ቀርቷል።

ሐዲስ ዓለማየሁ ከደብረ ማርቆስ በማይርቀው እንዶዳም የተወለዱ፣ የጎጃምን ቤት ከነጓዳው የሚያውቁ ደራሲ ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. በታተመው በዚህ መጽሐፍ የበዛብህ ወላጆች የታመመባቸው ልጅ ቢድን ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡት ይሳላሉ። ልጁ ዳነ፤ ስለቱ ግን ልቡ ውስጥ ቀረ። አድጎ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ የሚያስፈራው የአባቷ ቁጣ ብቻ አይደለም፤ እሱ ሳይጠየቅ የተገባው ቃልም ጭምር ነው።

«ይህ ልብ ወለድ ነው» የሚል ካለ ወደ ሰፈራችን ይምጣ። አንድ አብሮ አደጌ ባጠፋ ቁጥር «ከአንተ ሰው አይወጣም» ይባል ነበር። ፈተና ሲያልፍ «ዕድል ነው»፣ ሲወድቅ «አላልኳችሁም?» ማለት ለመደ። ዛሬ ጎልማሳ ሆኖም የሥራ ማመልከቻውን ይዞ ከበር ይመለሳል። ጎረቤት «ሰነፍ»፣ ዘመድ «ዓይን በልቶት ነው» ይላል። ያንን ቃል ማን እንደተከለበት የጠየቀ ግን የለም።

አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የድባቴ ሕሙማንን ሲያዳምጥ ያስተዋለው ይህንኑ ነበር። ሰው ሳይታወቀው ለራሱ የሚደጋግመው ቃል ስሜቱን ይመራል፤ ስሜቱም አድራጎቱን። «አልወደድም» የሚል ሰው ከሰው ይርቃል፤ በመራቁ ብቻውን ይቀራል፤ ብቸኝነቱንም ማስረጃ ያደርገዋል። የቤክ ሕክምና ሐሳቡን እንደ ምስክር አቁሞ «በምን አወቅህ?» ብሎ መመርመር ነው። በልሃ ልበልሃ ሲሟገት ለኖረ ሕዝብ ይህ እንዴት እንግዳ ይሆናል?

በእርግጥ የአእምሮ ሕመም ሁሉ ከሐሳብ ብቻ አይመጣም፤ መድኃኒት የሚሻም አለ። ጠበል የሚሄደውንም ከጠበሉ አላስቀርም። የምቃወመው ሰው ልብሱን ጥሎ መንገድ እስኪወጣ ድረስ ሕመሙን «አመል» እያልን የምናልፍበትን ልማድ ነው።

የባላባቱ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በመሬት አዋጅ ፈረሰ። በልጅ ልብ ውስጥ የተተከለ ቃል ግን በአዋጅ አይነቀልም። የተከልነው እኛ ነን፤ የምንነቅለውም እኛው ነን።