«ሁለት ቁጥር ፈልጉ»

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ሌሊት ሙሉ ሁለት ቁጥር ስፈልግ አድሬያለሁ። ሲደመሩ 6፣ ሲባዙ 7 የሚሆኑ። 1 እና 7? ድምሩ 8፣ እምቢ። ሌላስ? ሌላ የለም። ጠዋት ባዶ ደብተር ይዤ ስሄድ ቲቸር «አልሞከርክም» ብሎ አስቆመኝ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት «የሒሳብ ጭንቅላት የለኝም» እያልኩ ኖርኩ።

ዛሬ ልጆች አስጠናለሁ፤ ነገሩ ያው ነው። በእንግሊዝኛ «ፋክተራይዝ አድርጉ» ይባላል፣ በአማርኛ «ገምቱ»። ይሄ ማስተማር ሳይሆን ሎተሪ ነው፣ ያውም የተጭበረበረ! ኤክስ ስኩዌር ሲደመር ቢ ኤክስ ሲደመር ሲ ብላችሁ ጻፉና በቢ እና በሲ ቦታ ከ1 እስከ 10 ያሉትን ሙሉ ቁጥሮች አስገቡ። 100 ጥያቄ ይወጣል። በሙሉ ቁጥር ፋክተራይዝ የሚሆኑት 14 ብቻ ናቸው (ቁጭ ብዬ ቆጥሬያለሁ)። መልመጃው ግን እየመረጠ የሚያቀርበው እንደ 14ቱ ያሉትን ነው። ተማሪው ሌላው ሲገጥመው ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

የሚያናድደኝ፣ መገመት ጨርሶ አያስፈልግም። ድምራቸው 6 ከሆነ አማካያቸው 3 ነው። አንዱ ከ3 በሆነ መጠን ቢበልጥ ሌላው በዚያው መጠን ያንሳል። ሲባዙ፣ 9 ሲቀነስ የዚያ መጠን ስኩዌር ይሆናሉ። ይህ 7 እንዲመጣ ስኩዌሩ 2 መሆን አለበት። አለቀ! ቁጥሮቹ 3 ሲደመር የ2 ስኩዌር ሩት እና 3 ሲቀነስ የ2 ስኩዌር ሩት ናቸው። በጣቴ እየቆጠርኩ ዓመት ባድር አላገኛቸውም ነበር። ባቢሎናውያን እኮ ድምርና ብዜታቸው የተሰጠ ቁጥሮችን እንዲህ ከድምሩ ግማሽ ተነስተው ያገኙ ነበር፣ ከ3600 ዓመት በላይ ሆነው።

«ጊዜ የለም፣ ፖርሽን መሸፈን አለብን» የሚሉኝ መምህራን አሉ። ይገባኛል፣ ክፍሉ ጢም ብሏል፣ ፈተናው ደርሷል። ግን ይቺ መንገድ ሰሌዳ ላይ አራት መስመር ናት! ለነገሩ መጀመሪያውኑ ለምን ፋክተራይዝ እንደምናደርግ የነገረኝም አልነበረም፦ የሁለት ነገር ብዜት ዜሮ ከሆነ አንዱ የግድ ዜሮ ነው። ሙሉው ምስጢር ይሄው ነው፤ የሚያምረውም እሱ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ ድምሩ 10፣ ብዜቱ 20 የሆነ ጥያቄ ላይ ደብተሯን ዘጋች። «አልመጣልኝም፣ ደደብ ነኝ መሰለኝ» አለችኝ።

«ክፈቺው» አልኳት። «ከ5 ጀምሪ።»