ባለ ሱቅ በቀን ስንት ጊዜ ይጣራ?

አንድ የመርካቶ ጫማ ነጋዴ፥ «የቴሌግራም ቻናላችንን የያዘው ልጅ በቀን አሥር ጊዜ ካልለጠፈ ደመወዙን ስለ ምን እንከፍለዋለን?» ሲሉ ሰማናቸው። እኛም ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን የመጀመሪያ እንጀራችንን የቈረስነው በዚሁ ሥራ ስለ ሆነ፤ ሰምተን ማለፍ አልሆነልንም።

እኒህ ነጋዴ የዘነጉት ነገር አለ፤ ይኸውም ቴሌግራም የተላከውን ሁሉ ሳያጓድል ለደንበኛው ማድረሱ ነው። በቀን አሥር ጊዜ ስልኩ የጮኸበት ሰው ምን ያደርጋል? የቻናሉን ድምፅ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ለእንቍጣጣሽ ዋጋ ቢቀነስ እንኳ ስልኩ አይጠራውም። የፌስቡክ ጠባይ ደግሞ ሌላ ነው፤ የተለጠፈውን ሁሉ ለተከታዩ ሁሉ አያሳይም፤ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ2018 ወዲህም የወዳጅና የዘመድን ወሬ ከነጋዴ ገጽ ማስቀደም ጀምሯል። እንግዲህ ያንኑ ጫማ አሥር ጊዜ ማሳየት በየትኛው በኩል ይረባል?

በእኛ አስተያየት አዲስ ዕቃ በገባ ዕለት አንድ ጊዜ፤ ያለዚያም በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃል። በበዓል ሰሞን ግን ገበያተኛው ራሱ ስለሚፈልግ በየቀኑ ቢሆን አንቃወምም።

ይልቁንስ የሚያሳዝነን ሌላ ነው። ከፎቶግራፉ ሥር «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ደንበኛ «በውስጥ መስመር ያነጋግሩን» ይባላል፤ ባነጋገረም ጊዜ ሦስት ቀን መልስ ያጣል። ልጁ ምን ያድርግ? አሥረኛውን ፎቶግራፍ እንዲለጥፍ ታዟል! ቍጥር 41 ይገኝ እንደ ሆነ የጠየቀው ሰው ግን እስከዚያ ድረስ ከጎረቤት ሱቅ ገዝቶ ሄዷል።