የሮጠ ሁሉ ሠራተኛ አይደለም፦ የሩጫ ክለቦችና የመድን ሽፋን ጥያቄ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጀሞና ከለቡ ወደ ፉሪና ወደ ሰበታ አቅጣጫ በሚዘልቀው መንገድ ዳር ጎህ ሳይቀድ የሚሮጡ ሰዎች በመልክ አይለያዩም፤ በሕግ ዓይን ግን ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በባንክ፣ በኤሌክትሪክ፣ በፖሊስ ወይም በመከላከያ ክለብ ታቅፎ ደመወዝ የሚከፈለው አትሌት ነው። ሁለተኛው ከአርሲ፣ ከጎጃም ወይም ከሸዋ ገጠር መጥቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ክለብ እስኪቀበለው ድረስ በራሱ ወጪ የሚለማመድ ወጣት ነው። ሦስተኛው ቅዳሜና እሑድ ከሠፈሩ የሩጫ ቡድን ጋር ለጤናው የሚሮጥ የቢሮ ሠራተኛ ወይም ነጋዴ ነው። ሦስቱም በአንድ አስፋልት ዳር፣ በአንድ ጨለማ ውስጥ፣ ድንጋይና አሸዋ ጭነው በሚከንፉ ሲኖትራኮች አጠገብ ያልፋሉ። አንድ ተሽከርካሪ መስመሩን ስቶ ሦስቱንም ቢገጫቸው ግን ከሆስፒታሉ በር ጀምሮ የሚጠብቃቸው ዕጣ የተለያየ ነው።

ልዩነቱ የሚመነጨው የመድን ጥበቃው ከአደጋው ጋር ሳይሆን ከቅጥር ውል ጋር የተቆራኘ በመሆኑ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ይህ ቁርኝት መፈታት አለበት የሚል ነው፤ ግዴታው መታሰር ያለበት ከክለብ ምዝገባና ከውድድር ፈቃድ ጋር ነው። ከዚህም በላይ፣ በቅድሚያ ሊገባ የሚገባው መድን በሌሎች አገሮች የተለመደው የኃላፊነት መድን ሳይሆን የሯጩ የራሱ የግል አደጋ መድን ነው። ለዚህ ምክንያቱ በራሳችን የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ይገኛል።

የደመወዝተኛው አትሌት ጉዳይ በአንጻሩ ቀላል ነው። ክለቡ አሠሪው እስከሆነ ድረስ ልምምድ ሥራው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ከሥራ ቦታው ወይም ከመደበኛ የሥራ ሰዓቱ ውጭም ቢሆን የአሠሪውን ትእዛዝ ሲፈጽም የሚደርስበትን ጉዳት በሥራ ላይ እንደደረሰ ይቆጥረዋል። ስለዚህ አሠልጣኙ ባዘዘው የሌሊት 11 ሰዓት ሩጫ ላይ የተገጨ አትሌት የሕክምና ወጪው ይሸፈንለታል፤ ከሥራ ውጭ በሆነባቸው የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ በቀጣዮቹ 3 ወራት 75 በመቶው፣ በቀሪዎቹ 6 ወራት ደግሞ 50 በመቶው ይከፈለዋል። ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ከደረሰበት የ5 ዓመት ደመወዙ ለራሱ፣ ከሞተም በተመሳሳይ ስሌት ለጥገኞቹ ይሰጣል። የፖሊስና የመከላከያ አባል ከሆነም የጡረታ ሕጉ የራሱ የጉዳት አበል አለው። እዚህም ላይ ግን አንድ ክፍተት አይታለፍም። የታወቀ አትሌት ዋና ገቢው ከውጭ አገር ውድድር የሚያገኘው ሽልማት እንጂ የክለብ ደመወዙ አይደለም፤ ካሣው የሚሰላው ግን በደመወዙ ነው። እግሩን ያጣ የማራቶን ሯጭ የሚያገኘው ገንዘብ ያጣውን ኑሮ አይለካም። ያም ሆኖ እርሱ ቢያንስ የሚጠይቀው አካል አለው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ሯጭ ያላቸው መጠጊያ የተሽከርካሪው መድን ነው። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን ሽፋን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ ያለ መድን መንገድ ላይ እንዳይወጣ ያስገድዳል፤ ገጭቶ ላመለጠ ወይም መድን ለሌለው ተሽከርካሪ ተጎጂም የመድን ፈንድ አቋቁሟል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ አስፈላጊነቱን የሚክድ የለም። መጠኑን ግን ማየት ያሻል። አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የተቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር፣ ለአስቸኳይ ሕክምና የተመደበው ደግሞ እስከ 2,000 ብር ነበር። ሕግ አውጪው በአእምሮው የያዘው መንገድ የሚያቋርጥ እግረኛን እንጂ በሰውነቱ ብቃት የሚተዳደር ሰውን አልነበረም። ከጣሪያው በላይ ላለው ጉዳት በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት የተሽከርካሪው ባለቤት ያለ ጥፋትም ቢሆን ይጠየቃል፤ ነገር ግን ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት መድረሱን ካስረዳ ኃላፊነቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። በጨለማ፣ አንጸባራቂ ልብስ ሳይለብስ፣ በመኪና መሄጃ ላይ የሮጠ ወጣት ይህን ክርክር በፍርድ ቤት እንዴት እንደሚመልስ መገመት አያዳግትም።

ተሽከርካሪ በሌለበት ጉዳትስ? በእንጦጦ ገደላገደል ላይ የተሰበረ ቁርጭምጭሚት፣ በውድድር መሀል በግፊያ የወደቀ ሯጭ፣ በድንገት ቀጥ ያለ ልብ፣ ይህ ሁሉ ከተሽከርካሪ መድን ውጭ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሰው በልማድ የቆየው መልስ መዋጮ ነው። ጓደኞች ያሰባስባሉ፣ አሠልጣኙ ስልክ ይደውላል፣ ስመ ጥር አትሌት ካለ እጁን ይዘረጋል። እድር አለ፤ እድር ግን በዋነኛነት ለቀብር እንጂ ለቀዶ ሕክምና አልተመሠረተም። በአገሪቱ የሩጫ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚታወቀው አደጋ እንኳ በዚሁ መንገድ ያለፈ ነው። በሮምና በቶኪዮ ማራቶን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሲሆን ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተልኮ ታክሟል። መልካም ሆነ። ነገር ግን የላከው የንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ እንጂ ማንም ሯጭ ሊጠቅሰው የሚችለው የመድን ውል አልነበረም፤ በዚያው ዓመት ስሙ ያልታወቀ ሯጭ በዚያው መንገድ ላይ ቢወድቅ ኖሮ ስቶክ ማንደቪልን የሚያነሣለት አይኖርም ነበር።

እዚህ ላይ የሌሎች አገሮችን ሕግ ለመቅዳት የሚነሣ ፈተና አለ፤ ረቂቅ በምናዘጋጅ ሰዎች ዘንድ የተለመደ በሽታ ነው። የፈረንሳይ የስፖርት ሕግ እያንዳንዱ የስፖርት ማኅበር ለራሱ፣ ለሠራተኞቹ፣ ለበጎ ፈቃደኞቹና ለአባላቱ የኃላፊነት መድን እንዲገባ ያስገድዳል፤ የግል አደጋ መድንን በተመለከተ ግን ማኅበሩ የመድኑን ጥቅም ለአባላቱ ማሳወቅ እንዳለበት ብቻ ይደነግጋል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አርቃቂ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ስለነበሩ ይህን ሥርዓት እንዳለ ማምጣት ተፈጥሯዊ ይመስላል። ሆኖም የ1952 ዓ.ም. ሕጋችን አንቀጽ 2068 አለ። አንድ ሰው ስፖርት ሲሠራ በተጫዋች ባልደረባው ወይም በተመልካች ላይ ጉዳት ቢያደርስ፣ የማታለል ሥራ ወይም የጨዋታውን ሕግ ከባድ መጣስ ካልፈጸመ በቀር አይጠየቅም ይላል። ስለዚህ በውድድር ግፊያ የወደቀ ሯጭ አብሮት የሚሮጠውን ከስሶ ብዙ ጊዜ አይረታም። አዘጋጁን ወይም ክለቡን በአንቀጽ 2028 ለመክሰስ ደግሞ ጥፋት ማስረዳት አለበት። ኃላፊነት በሌለበት የኃላፊነት መድን አይከፍልም፤ መድን ሰጪው የሚተካው የመድን ገቢውን ዕዳ ብቻ ነውና። በሌላ አነጋገር፣ ክለቦችን የኃላፊነት መድን ብቻ እንዲገቡ ብናስገድድ አረቦኑ ይከፈላል፤ የተሰበረው ሯጭ ግን ባብዛኛው ባዶ እጁን ይቀራል። ስፔን በአንጻሩ በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ድንጋጌ የፌዴሬሽን ፈቃድ ያለው ስፖርተኛ ሁሉ የራሱን ጉዳትና ሕክምና የሚሸፍን የግዴታ የስፖርት መድን እንዲኖረው አድርጋለች። ለእኛ የሚቀርበው ይህኛው ነው።

የግል አደጋ መድን በንግድ ሕጋችን የሰው መድን ወገን ነው። የንግድ ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ሲሻሻል የመድን ክፍሉ አልተነካም፤ የ1952ቱ ድንጋጌዎች አሁንም ይሠራሉ። በሰው መድን ተዋዋዮቹ የሚከፈለውን መጠን በነጻነት ይወስናሉ፤ ገንዘቡም የማንም ጥፋት ሳይጠየቅ ይከፈላል። ለሯጭ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው፤ ክርክር የማይጠይቅ ክፍያ።

ከውሉ ቃላት አንዱ ግን ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል። የአደጋ መድን ውሎች አደጋን ሲተረጉሙ ድንገተኛ፣ ከውጭ የመጣና በዓይን የሚታይ ምክንያት ያለው ጉዳት እንዲሆን ይጠይቃሉ። በ2003 እ.ኤ.አ. በዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና በ1,500 ሜትር ያሸነፈችው አለም ተቻለ በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም.፣ ገና በ18 ዓመቷ፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ልምምድ ላይ ሳለች ወድቃ ሞተች። እንዲህ ያለው ሞት በተለመደው ትርጉም ከውጭ የመጣ ምክንያት የለውም፤ ስለዚህ በተራ የአደጋ መድን ውል ውስጥ «አደጋ» ላይባል ይችላል። በሩጫ ላይ እጅግ የሚያስደነግጠው ሞት ከሩጫ ክለብ መድን ውጭ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከመጠን ባለፈ ልምምድ ቀስ በቀስ የሚመጣ የጅማትና የአጥንት ጉዳትም እንዲሁ። በመሆኑም ለክለቦች የሚዘጋጀው ውል በልምምድና በውድድር ወቅት፣ ወይም ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት የሚከሠትን የልብ መቆም በስሙ ጠርቶ ማካተት አለበት። ይህ ካልተጻፈ በቀር ሌላው ሁሉ ቢጻፍ ለክለቡ የውሸት መተማመኛ ይሆናል።

ይህን ማካተት መድን ሰጪዎችን ያስከስራል የሚለው ስጋት በቁጥር ሲፈተሽ ይቀልላል። ከ2000 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በተካሄዱ የማራቶንና የግማሽ ማራቶን ውድድሮች ላይ የተሠራ ሰፊ ጥናት ከ10.9 ሚሊዮን ተሳታፊዎች መካከል 59 የልብ መቆም አደጋዎችን መዝግቧል፤ ከእነዚህም 42ቱ ለሞት አብቅተዋል። ይህም ከ100,000 ተሳታፊዎች 0.39 ያህል ሞት ነው። ለአብነት የመድን መጠኑ 200,000 ብር ቢሆን፣ ለዚህ ስጋት ብቻ ከአንድ ተሳታፊ በአንድ ውድድር የሚያስፈልገው የተጣራ አረቦን 77 ሳንቲም አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗን፣ የአምቡላንስ አገልግሎቱን መዘግየትና የአስተዳደር ወጪውን አስበን በ10 ብናበዛው እንኳ 8 ብር አይሞላም። በ1994 ዓ.ም. 10,000 ያህል ሰው ይዞ የተጀመረውና ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሯጮችን የሚያሰልፈው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ዓይነት ውድድር ላይ ይህ ገንዘብ ከቲሸርቱ ዋጋ ተለይቶ አይታወቅም። ብዙ የምዝገባ ቅጾች «በራሴ ኃላፊነት እሮጣለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ማስፈረም ይወዳሉ። ዓረፍተ ነገሩ በሕግ ፊት ያለው ክብደት ምንም ይሁን ምን፣ የሆስፒታል ሒሳብ አይከፍልም።

የዕለት ተዕለት ልምምድ ስጋት ከውድድር ቀን ስጋት የተለየ መሆኑ እርግጥ ነው። አንድ ሯጭ በዓመት የሚወዳደረው ጥቂት ቀን ሲሆን መንገድ ላይ የሚውለው ግን በመቶዎች ለሚቆጠሩ ማለዳዎች ነው፤ የልምምድ ሽፋን አረቦኑም ከፍ ማለቱ አይቀርም። ትንሽ የሠፈር ክለብ ብቻውን ወደ መድን ድርጅት ቢሄድ ዋጋው ይከብደዋል፤ ሠላሳ ሰው ስጋትን አይከፋፈልም። በፌዴሬሽኑ ወይም በከተማው ስፖርት ቢሮ በኩል ሁሉም ክለቦች በአንድ የቡድን ውል ሲገቡ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። በ1958 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካ የጎዳና ሯጮች ክለቦች ማኅበር አነስተኛ ክለቦችን በአባልነት ከሚስብባቸው ዋና ጥቅሞች አንዱ ይኸው የጋራ መድን ነው። በእኛ አገር ደግሞ የመድን ድርጅት በስሙ የእግር ኳስ ክለብ ያቋቋመበት ታሪክ አለ፤ ከስፖርተኛው ጋር ያለው ዝምድና በማልያ ላይ ብቻ እንዲቀር የሚያስገድድ ነገር የለም።

ሌላው ተቃውሞ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን እያለ ይህ ለምን ያስፈልጋል የሚል ነው። የጤና መድኑ ሕመምን ያክማል፤ የጠፋን ገቢ አይተካም፣ ለቤተሰብ የሞት ካሣ አይከፍልም። አባልነቱም በቤተሰብና በወረዳ ስለሚመዘገብ፣ ቤተሰቡ በበቆጂ ተመዝግቦ እርሱ በጀሞ ኮንዶሚኒየም የሚኖረው ወጣት በተግባር ከሁለት ወገን ይጎድላል።

ክፍያውን ማን ይሸፍን ለሚለው፣ ለጤናው የሚሮጠው የከተማ ሰው ለራሱ ቢከፍል ፍትሐዊ ነው፤ አቅም አለውና። ለሁለተኛው ወጣት ግን አረቦኑ ከትልልቅ ውድድሮች የምዝገባ ገቢ ላይ በሚቆረጥ አነስተኛ መቶኛ ቢሸፈን ይሻላል፤ ውድድሮቹ ወደፊት የሚደምቁት በእርሱና በመሰሎቹ ነው። ያለዚህ ግዴታውን ብቻ መጣል ድሃውን ሯጭ ካልተመዘገበ ቡድን ጋር እንዲሮጥ ይገፋዋል።

በክፍለ ከተማ ደረጃ መጀመር የሚቻለው ሥራ ከዚህም ያነሰ ነው። የንፋስ ስልክ ላፍቶ ወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት የሩጫ ቡድንን ሲመዘግብ የአባላት ስም ዝርዝር፣ የልምምድ ቀንና ሰዓት፣ የሚሮጥበት መንገድና አሠልጣኙ በየማለዳው የሚፈርምበት የመገኘት መዝገብ እንዲቀርብለት ቢጠይቅ አንድም አዲስ አዋጅ አያስፈልገውም። መድን ሰጪ ዋጋ ለመተመን የሚጠይቀው ይህንኑ መረጃ ነው። የካሣ ጥያቄ ሲቀርብም ሯጩ በዚያች ማለዳ ከቡድኑ ጋር እንደነበረ የሚያስረዳው ሰነድ ከመገኘት መዝገቡ ሌላ ብዙ የለም።