ኮርቻው ሲወርድ

የቀድሞ አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ አስቀድመው አፏን ከፍተው ጥርሷን ይመለከቱ ነበር፤ ቀጥለውም ኮርቻውን አስወርደው ጀርባዋን በመዳፋቸው ይዳስሱ ነበር። ጥርሷ ዕድሜዋን፥ ጀርባዋም የደረሰባትን መከራ ይናገራልና። ገጣባዋን በግላስ ሸፍኖ ወደ ገበያ የሚያወጣ ሻጭ በዚያም ዘመን አልጠፋም። ዛሬ በበቅሎዋ ቦታ አውቶሞቢል፥ በግላሱም ቦታ ቀለም ተተክቷል። ኮርቻው ሳይወርድ ዋጋ የሚነጋገረው ገዢ ግን እንደ ጥንቱ አለ።

ይህን ያስታወሰን በናይሮቢ ከተማ፥ ኢምባካሲ በሚባለው ሠፈር የሚኖሩ አንዲት ኢትዮጵያዊት እመቤት የላኩልን ደብዳቤ ነው። እመቤቲቱና ባለቤታቸው ለአራት ዓመት ባጠራቀሙት ገንዘብ ዐሥራ አራት ዓመት የሆናትን አንዲት ነጭ የመስክ መኪና ገዙ። በተገዛች ጊዜ ቀለሟ እንደ መስተዋት ፊት ያሳይ ነበር። አንድ የዝናም ወራት ካለፈ በኋላ ግን የጣራዋና የኮፋኖዋ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሣ ይወድቅ ጀመር። ባለቤታቸውም ከስፖርቴሎው በታች ያለውን ላሜራ በአውራ ጣታቸው ቢጫኑት ጣታቸው ወደ ውስጥ ገባ። ለካ ብረቱ በዝገት ካለቀ ቈይቷል፤ በቦታው የነበረው ስቱኮና ቀለም ብቻ ነው። ወደ ሻጩ ቢሄዱ «ያየኸውን ገዛህ» ብሎ መለሳቸው።

አንድ ወዳጃቸው ደግሞ እንዲህ ሲል መከራቸው፤ «ቀዳዳውን በስቱኮ ድፈኑት፤ እንደ ገና አስቀቡና ለሌላ ሽጡት። እናንተስ የገዛችሁት እንዲሁ አይደለምን?» የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ስለ ደረሰ ባለቤታቸው ወደዚህ ምክር አዘንብለዋል። እመቤቲቱ ግን ልባቸው አልፈቀደምና «ምን ትሉናላችሁ?» ሲሉ ጠይቀውናል። እኛም አስቀድመን የጕዳቱን ምክንያት፥ ቀጥለን የመመርመሩን ዘዴ፥ በመጨረሻም ስለ ወዳጃቸው ምክር ያለንን አሳብ እንገልጻለን።

የመኪና ቀለም አንድ ቅብ ብቻ አይደለም። በብረቱ ላይ ዝገት የሚከላከል የመጀመሪያ ቅብ ይደረጋል፤ በዚያ ላይ መካከለኛው ቅብና ዋናው ቀለም ይከተላሉ፤ በብዙዎቹም መኪናዎች ላይ የሚያብረቀርቅ መስተዋት መሰል ቅብ ይጨመራል። ከእነዚህ አንዱ ከሥሩ ከላቀቀ በላዩ ያለው ሁሉ አብሮ ይነሣል። ኢምባካሲ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ያለ ሜዳ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚህ እጅግ ትበልጣለች። ምድር ከፍ ባለ መጠን የፀሐይዋ ጨረር ይበረታል፤ ቀለምንም ቶሎ ያደክማል። አንዳንድ ጊዜ ግን ጥፋቱ ከፋብሪካው ይነሣል። አንዳንድ ነጭ የቶዮታ መኪናዎች ቀለማቸው እየተላጠ ባለንብረቶች ቅሬታ ስላበዙ፥ ኩባንያው በአሜሪካና በአውስትራሊያ ነገሩን ተቀብሎ፥ በወሰነው የጊዜ ገደብ ውስጥ ያሉትን በራሱ ወጪ አስቀብቷል። በፀሐይ ብርሃን ምክንያት መካከለኛው ቅብ ከሥሩ ካለው ከመጀመሪያው ቅብ ጋር ያለው መያያዝ እየላላ እንደሚሄድ ተገልጿል።

ዝገቱ ግን ከቀለሙ ይልቅ የከፋ ነው። ወደ ኬንያ ከሚገቡት አሮጌ መኪናዎች የሚበዙት ከጃፓን የሚመጡ ናቸው። በሰሜናዊው የጃፓን ክፍል በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ ይህም ጨው በመኪናው ሆድ ሥር ተጣብቆ ብረቱን ይበላል። በኬንያ ሕግ ከስምንት ዓመት በላይ የሆነው መኪና ወደ አገር አይገባም። እንግዲህ የእመቤቲቱ መኪና እንደ ብዙዎቹ ከውጭ አገልግላ የመጣች ከሆነች፥ ቢያንስ ስድስት ዓመት የኬንያን ፀሐይና ጭቃ ቀምሳለች ማለት ነው። የኢምባካሲም አፈር እንደ በቾ ሜዳ ያለ መረሬ ነው፤ በዝናም ጊዜ ከፓራፋንጎው ውስጥና ከሻንሲው ላይ ተለጥፎ እርጥበቱን ለብዙ ቀን ይይዛል። ጭቃውን ሳያጥብ ላዩን ብቻ የሚወለውል ሰው ዝገቱን ይመግበዋል።

ይህ የድኻ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስለን። በአሜሪካ የቶዮታ ኩባንያ ታኮማና ቱንድራ በተባሉት የጭነት መኪናዎች፥ ሴኮያ በተባለችውም የመስክ መኪና ሻንሲ ላይ ያለጊዜው ዝገት በመታየቱ በባለንብረቶች ተከሶ፥ በ2016 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የሚያስታርቅ ስምምነት አድርጓል። ስምምነቱ 1.5 ሚሊዮን ያህል መኪናዎችን የሚመለከት ሲሆን፥ ወጪውም እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ እንደሚችል ተገምቷል። ይህ የሆነው ባለንብረቶቹ ጕዳታቸውን ሳይሸፍኑ ስለ ገለጹ ነው። አሮጌዋ ላንድሮቨርስ? በ1948 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በወጣች ጊዜ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ስለ ነበር ላሜራዋ ከአሉሚንየም ተሠራ። ስለዚህ ብዙ ሰው «ላንድሮቨር አይዝግም» ይላል። ነገር ግን ሻንሲዋ ብረት ነው፤ አሉሚንየሙም ብረትን በሚነካበት ስፍራ እርጥበት ሲያገኘው ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል።

ለመመርመር የሚፈልግ ሰው ብዙ መሣሪያ አያሻውም። አንደኛ፥ መኪናውን በጧት ፀሐይ በጐን ቆሞ ይመልከት፤ የተቀጠቀጠና ስቱኮ የተለጠፈበት ላሜራ እንደ ውሃ ማዕበል ያሳያል። ሁለተኛ፥ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ በላሜራው ላይ ያስኪድ፤ ብረቱ ከስቱኮ ሥር የራቀ እንደ ሆነ ማግኔቱ አይዝም። አሉሚንየም በሆነ ላሜራ ላይ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። ሦስተኛ፥ የበርና የመስኮት ጎማዎችን ጫፍ ገልጦ ይመልከት፤ ቀለም ከነካቸው መኪናዋ ከፋብሪካ ወዲህ ተቀብታለች። አራተኛ፥ የወለሉን ምንጣፍ አንሥቶ፥ ከመኪናውም ሥር በመብራት ገብቶ ሻንሲውን ይይ። አምስተኛ፥ ከጃፓን የመጣች እንደ ሆነ የጨረታውን ወረቀት ይጠይቅ፤ በዚያ ወረቀት ላይ ዝገቱም፥ ጭረቱም፥ ጥገናውም በምልክት ይጻፋል። ሻጩ ወረቀቱን ለማሳየት ካልወደደ ኮርቻውን ለማውረድ አልወደደም ማለት ነው። ይህን ሁሉ ከክፍያ በፊት ማድረግ ይገባል፤ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

በአገራችን ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መንግሥት ስለ ከለከለ፥ በእጃችን ያሉትን አሮጌ መኪናዎች መጠበቅ ይበልጥ ያስፈልጋል። የመንግሥት መኪና የተረከቡ ሹማምንትም ይህን ቢያስቡ መልካም ነው። ትንሽ የዝገት ነጥብ በታየች ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት ጠርጎ ጸረ ዝገት መቀባት ጥቂት ወጪ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና። ሻንሲው ከተበላ በኋላ ግን ወጪው የመኪናውን ዋጋ ሊያህል ይችላል።

አሁን ወደ ወዳጅየው ምክር እንመለስ። የመቀመጫ ቀበቶ የሚታሰረው በመኪናው አካል ላይ ነው። ወለሉና የጐኑ ብረት ከተበሉ፥ በግጭት ጊዜ ቀበቶው ሰውን ሊይዝ አይችልም። እንግዲህ ያ ስቱኮ የሚሸፍነው የላሜራን ነውር ብቻ አይደለም፤ በኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥን የሌላ ሰው ልጅ አደጋም ይሸፍናል። የእመቤቲቱ ልጆች በዚያው ወንበር ላይ ሲቀመጡ እንደ ነበሩ ማስታወስ ይበቃል። «እኔም ተታልዬ ነው» ማለት ለማታለል ፈቃድ አይሆንም።

ስለዚህ ምክራችን እንዲህ ነው። አስቀድሞ ልጆቹ በመኪናዋ መሄዳቸውን ያቁሙ። ከዚያም ሻጩን የማያውቅ፥ የታመነ ላሜራ ቀጥቃጭ መኪናዋን ከፍቶ የተበላውን ሁሉ ያሳያቸው። ሊጠገን የሚችል ከሆነ የተበላው ተቈርጦ ወጥቶ በአዲስ ብረት ብየዳ ይሠራ፤ ጸረ ዝገትም ይቀባ፤ የጣራው ቀለም እስኪመቻቸው ድረስ ቢቈይ ግድ የለም። የሚሸጡ ከሆነ ደግሞ የተገኘውን ጕዳት በወረቀት ጽፈው፥ ገዢው አይቶ ከፈረመ በኋላ በሚገባው ዋጋ ይሽጡ። ከገንዘባቸው አንዳች እንደሚጐድል እናውቃለን፤ የትምህርት ቤቱም ክፍያ በትንሽ በትንሹ እንዲከፈል ከትምህርት ቤቱ ጋር ቢነጋገሩ ይሻላል።

ባለቤታቸውንም በዚህ ነገር እንዳይወቅሷቸው እመቤቲቱን እንለምናለን። ለቤተ ሰባቸው ብለው የደከሙ ሰው ናቸው፤ የጐደለውን ለመሙላት ማሰባቸውም ከዚያው ድካም የመጣ ነው። ይልቁንስ ይህን ጽሕፈት አብረው ያንብቡት፤ ከዚያም አብረው ወደ ጋራዡ ይሂዱ።