ኤሊው ይመዝገብ፣ እንቁራሪቷ ግን አትነካ

ከአዳማ የተነሳ መኪና መልካሳ ላይ አዋሽን ተሻግሮ ዴራ ሲደርስ የቆላው ግራር ገና አልተለየውም። ፊት ለፊቱ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ የሚዘልቀው ጭላሎ ቆሟል። ከከተማዋ አጠገብ ያለው ድልፈቃር የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አንዱ ክፍል ሲሆን ስሙ የሚነሳው በአጋዘኑ ነው። እንዲህ ባለው የስምጥ ሸለቆ ቁጥቋጦ ሥር የሚኖሩት ኤሊ፣ አርጃኖና እስስት ግን የሚታወሱት አንድም መኪና ሲገጫቸው፣ አንድም ሰው አንስቶ ሲወስዳቸው ነው።

ከሦስቱ ተነስቶ የሚወሰደው በብዛት ኤሊ ነው። አይሮጥም፣ አይጮኽም፣ ሣርና የጎመን ቅጠል ካገኘ ሌላ አይጠይቅም። በአዲስ አበባም ሆነ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ በመኖሪያ ግቢ ወይም በሎጅ መስክ ላይ ቅርፊቱ እንደ ነብር የተዥጎረጎረ ኤሊ ሲግጥ ማየት ብርቅ አይደለም። ያመጣው ሰው ብዙውን ጊዜ አዳኝ ወይም ነጋዴ ሳይሆን ልጆቹን ለማስደሰት ያሰበ አባት ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ግን የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን በገንዘብና በእስራት የሚያስቀጣ ጥፋት አድርጎታል። ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም. የተቀላቀለችው ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነትም የየብስ ኤሊዎች ሁሉ ድንበር ሲሻገሩ ቁጥጥር እንዲደረግባቸው ያዛል።

ክልከላው ተገቢ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በሕግ ፊት ጥፋተኛ የሆነ ቤተሰብ ኤሊው ሲታመም ወደ እንስሳት ሐኪም አይወስደውም፤ ሲሰለቸው ለጎረቤት ይሰጠዋል ወይም ሜዳ ላይ ይጥለዋል። ኖርዌይ ይህን በራሷ ላይ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተሳቢ እንስሳትን በቤት ማሳደግ ከልክላ ኖራ፣ አርባ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ፣ 19 የተሳቢ ዝርያዎችን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ፈቀደች። በዚህ ዝርዝር ውስጥ እንቁራሪት አልገባም። የተሳቢ እንስሳት ወዳጆች ዝርዝሩ ይስፋ ሲሉ ቆይተዋል። ኢትዮጵያም ግልጽ ዝርዝር ያስፈልጋታል፤ ግን በጣም አጭር ይሁን፣ የሚጀምረውም ዛሬ በግቢ ውስጥ ካለው ኤሊ ይሁን።

ምዝገባው ከባድ አይደለም። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም የኤሊውን ቅርፊት ፎቶ ያነሳል፤ ዝንጉርጉሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለያይ እንደ አሻራ ያገለግላል። ቁጥር ይሰጠዋል፣ ባለቤቱም እንዳይሸጠው ይፈርማል። ከምዝገባው ቀን በኋላ ከዱር የተነሳ ኤሊ አይመዘገብም። ይህች የመጨረሻ አንቀጽ ከሌለች ምዝገባው ለአዲስ አፈሳ በር መክፈት ይሆናልና፣ በእርሷ ላይ ድርድር ሊኖር አይገባም። ባለቤቱም የሚፈርመውን ማወቅ አለበት። ይህ ኤሊ ከ50 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል፤ ለልጅ የመጣው ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚፈትሸው መዥገሩን ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ሦስት ዓይነት የአፍሪካ ኤሊዎች ወደ አገሯ እንዳይገቡ ከልክላለች። ሦስቱም በኢትዮጵያ የሚገኙ ናቸው። ምክንያቱ በኤሊዎቹ ቆዳ ላይ ተጣብቆ የሚመጣው መዥገር ኸርትዋተር የተባለውን ገዳይ የከብት በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ነበር። አርሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ካዱ፣ ማለትም የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ የተዳቀሉ የወተት ላሞችን ያስፋፋበት አገር ነው። ከቆላ ተነስቶ አሰላ ግቢ ውስጥ፣ ከላም በረት አጠገብ የሚውል ኤሊ ጉዳይ የልጆች መጫወቻ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

እባብን በተመለከተ አንድ ታሪክ ይበቃል። በመቱና በበደሌ መካከል ከተገኘ ናሙና ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1977 የተሰየመው የኢትዮጵያ ተራራ እፉኝት ለብዙ ዓመታት በጥቂት ናሙናዎች ብቻ ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ ወዲህ ግን በሕይወት ያለው እፉኝት በውጭ አገር ሰብሳቢዎች እጅ መታየት ጀመረ። የባሌው እፉኝት ራሱን የቻለ ሌላ ዝርያ መሆኑ በሳይንስ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ገበያው ከዕውቀቱ ቀደመ ማለት ነው። ተለይቶ ያልታወቀ እንስሳ የሚፈቀድ ዝርዝር ውስጥ ሊገባ አይችልም፤ መርዛማውማ ጭራሽ።

እንቁራሪትና ጉርጥ ላይ ሲደረስ ዝርዝሩ ፈጽሞ ይዘጋ። በኢትዮጵያ ከሚታወቁት ከ60 በላይ ዝርያዎች ውስጥ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት በሌላ በየትም አገር የሉም። በአርሲ ጎረቤት በባሌ ተራሮች የሚኖረው የማልኮም ጉርጥ እንቁላሉን የሚጥለው እንደ ሌሎቹ ኩሬ ውስጥ ሳይሆን በእርጥብ መሬት ላይ ነው። ይህን የመሰለ ፍጥረት ከረጠበ ደጋው አውጥቶ ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ማኖር ቀስ ብሎ መግደል ነው። ከዚያ የከፋው ኪትሪድ የተባለው የቆዳ ፈንገስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት ፈንገሱ 501 ዝርያዎችን እንዳመናመነ፣ 90ዎቹም ሳይጠፉ እንዳልቀሩ ቆጥሯል። ሰው ለንግድና ለማሳደጊያ ከአገር አገር የሚያዘዋውራቸው እንስሳት ለፈንገሱ መስፋፋት ትልቁን ድርሻ ይዘዋል። ፈንገሱ በኢትዮጵያ ደጋዎችም በስፋት ተገኝቷል። እንቁራሪት የያዘ ባልዲ ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው ባይሄድ ይሻላል።

የዱር እንስሳን በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ማሳደግ እንደሚቻል አገሪቱ በአርባ ምንጩ የአዞ እርባታ አሳይታለች። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ያንን ልምድ ይዞ ከክልሉና ከወረዳው ጋር ቢቀመጥ፣ የኤሊው መዝገብ ከዴራ ሊጀመር ይችላል። ቆላውና ደጋው የሚገናኙበት፣ ኤሊ ተጭኖ ወደ አሰላ ወይም ወደ አዳማ ሲሄድ የሚያልፍበት መንገድ እዚያው ነው።