ከአምስት ዓመት በኋላ የት ይሆናሉ?

«ከአነጋገር ይፈረዳል፤ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ አበው። ሰው እውነተኛ ነገር ይዞ በሸንጎ ፊት ቆሞ ሳለ፣ ነገሩን የሚያቀርብበት ቃል ስላልተስተካከለለት ብቻ ሲፈረድበት እናያለን። ዛሬ ዛሬ ሸንጎው ሦስት ወይም አራት ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሥራ ፈላጊውን የሚጠይቁበት ክፍል ሆኗል፤ የአበው ምሳሌ ግን በዚያም ክፍል እንደ ቀድሞው ይሠራል። ለዚህ ሳምንት የመረጥነው ደብዳቤ ይህንኑ የሚያስረዳ ነው።

ደብዳቤውን የጻፉልን አንዲት የቤት እመቤት ናቸው። ባለቤታቸው 53 ዓመታቸው ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት 22 ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤት ኀላፊ ሆነው ሲሠሩ ከኖሩ በኋላ፣ መሥሪያ ቤቱ ስለ ታጠፈ ከሥራ ወጡ። ታላቁ ልጃቸው ራሱን ችሏል፤ ታናሺቱ ግን ገና የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የቤቱም ኪራይ ወሩን ጠብቆ ይመጣል። ባለፈው ወር ባለቤታቸው በአንድ ድርጅት ለግምጃ ቤት ኀላፊነት ተወዳድረው፣ የጽሑፉን ፈተና በመልካም ውጤት ካለፉ በኋላ ለቃል ጥያቄ ቀረቡ። ስለ ገቢና ስለ ወጪ ዕቃ፣ ስለ ቆጠራና ስለ ጉድለት የተጠየቁትን ሁሉ ያለ ችግር መለሱ። በመጨረሻ ግን ከጠያቂዎቹ አንዲቱ፣ ዕድሜዋ ሠላሳ የማይሞላ ወጣት፣ «ከአምስት ዓመት በኋላ ራስዎን የት ያዩታል?» ብላ ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም፤ «ልጄ፣ ነገን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው፤ እኔስ እንግዲህ የቀረችኝን ዕድሜ በሰላም ሠርቼ ጡረታ ብወጣ ይበቃኛል» አሉ። ጠያቂዎቹ ፈገግ ብለው አመሰገኗቸው፤ ሥራው ግን ለሌላ ሰው ተሰጠ።

«ከዚያን ቀን ወዲህ» ይላሉ እመቤቲቱ፤ «ባለቤቴ ዝምተኛ ሆነዋል። ስለ ነገ ለሸመገለ ሰው ምን ጥያቄ አለው ይላሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሌላ ድርጅት ለቃል ጥያቄ ተጠርተዋል፤ ይህ ጥያቄ እንደ ገና ቢመጣባቸው ምን ብለው ይመልሱ?»

የተከበሩ እኅታችን፣ ባለቤትዎ የሰጡት መልስ በእውነትም በሃይማኖትም ነቀፋ የለበትም። በለቅሶ ቤት ወይም በማኅበር ላይ ቢናገሩት ኖሮ ሁሉም «እውነት ነው» ባላቸው ነበር። ነገር ግን ጥያቄው ሌላ፣ መልሱ ሌላ ሆነ። ጠያቂዪቱ የሰውን ዕድሜ ማን እንደሚወስን አልጠየቀችም፤ የጠየቀችው ስለ ሥራው ነው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብ ከቃሉ በስተ ጀርባ ሦስት ስጋቶች ተሰውረው ይገኛሉ። አንደኛው፤ «ይህ ሰው ሥራውን ከለመደ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ይሄድብን ይሆን?» የሚል ነው። ሁለተኛው፤ «በዕድሜ ከሚያንሰው አለቃ ትእዛዝ ይቀበል ይሆን?» የሚል ነው። ሦስተኛው፤ «አዲሱን አሠራር ለመማር ፈቃደኛ ይሆን?» የሚል ነው። ጠያቂዎች እነዚህን ሦስቱን በግልጥ መናገር ስለሚያፍሩ፣ ሁሉንም «የወደፊት ዕቅድዎ ምንድን ነው?» በሚል አንድ ጥያቄ ውስጥ ይጠቀልሉታል። እንግዲህ መልካም መልስ የሚባለው ለእነዚህ ለሦስቱ ሳይጠየቅ የሚመልስ ነው።

በዕድሜ የገፉ ሥራ ፈላጊዎች በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ ጊዜ በሦስት መንገድ ይሳሳታሉ። አንዳንዱ እንደ ባለቤትዎ ነገሩን ለፈጣሪ ትቶ ዝም ይላል፤ ሰሚውም «ዕቅድ የለውም» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ የሃያ አምስት ዓመት ጐልማሳ መስሎ ለመታየት ጠጕሩን አጥቁሮ፣ «ከአምስት ዓመት በኋላ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ለመሆን አስባለሁ» ይላል፤ ሰሚውም አያምነውም። ሦስተኛው ችግሩን አስቀድሞ «የሰጣችሁኝን ሁሉ እሠራለሁ፤ ብቻ አትጣሉኝ» እያለ ይለምናል፤ ሰሚው ያዝንለታል እንጂ ግምጃ ቤቱን አያስረክበውም።

የሚሻለው መንገድ ዓመቶቹን በግልጥ መቍጠር ነው። በሥራ ላይ ባለው የጡረታ ሕግ፣ በጠቅላላው የመንግሥትም ሆነ የግል ድርጅት ሠራተኛ የሚጦርበት ዕድሜ 60 ዓመት ነው። ለመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቍጥር 209 ከወጣበት ከ1955 ዓ.ም. አንሥቶ፣ የግል ድርጅት ሠራተኞችም በአዋጅ ቍጥር 715 የጡረታ ባለ መብት እስከ ሆኑበት እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ ብዙ ነገር ተሻሽሏል፤ ከዚያም ወዲህ ሕጉ ታድሷል። ይሁን እንጂ ጡረታ በሕግ የተወሰነና ሁሉም የሚያውቀው ጊዜ መሆኑ አልተለወጠም። ስለዚህ የባለቤትዎ 53 ዓመት በማመልከቻው ላይ ተጽፎ ሳለ ሊሰወር አይችልም፤ ጠያቂዎቹም ከ60 ላይ 53ን ቀንሰው ሰባት ዓመት እንደሚቀር እርሳቸው ሳይገቡ አስበውታል። ሰባቱን ዓመት እነርሱ «ሰባት ብቻ» ብለው ከሚቈጥሩት፣ እርሳቸው ቀድመው «ሰባት ሙሉ ዓመት» ብለው ቢቈጥሩት ይሻላል። ሰባት ዓመት ለአንድ ግምጃ ቤት ጥቂት ጊዜ አይደለም። ዛሬ የተቀጠረ ወጣት ሰባት ዓመት በአንድ ቦታ እንደሚቀመጥ ማን ዋስ ይሆናል?

ዓመቶቹ ከተቈጠሩ በኋላ እያንዳንዱ በሥራ መሞላት አለበት። የግምጃ ቤት ሰው ይህን ለማድረግ አይቸገርም፤ ምክንያቱም ሥራው ራሱ በዓመት የተከፈለ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ያልቃል፤ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ በዚያም ጊዜ ንብረት ይቈጠራል። ገቢውን በሞዴል 19፣ ወጪውን በሞዴል 22 ሲመዘግቡ ለኖሩት ለባለቤትዎ ይህን ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። እንግዲህ በመጀመሪያው ዓመት ካርዱንና በመደርደሪያው ላይ ያለውን ዕቃ አስታርቀው ቆጠራውን ያለ ጉድለት መዝጋት፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት የማይንቀሳቀሰውንና ያረጀውን ዕቃ ለይተው እንዲወገድ ማቅረብ፣ ሁለት ረዳቶችንም ማሠልጠን፤ በአምስተኛው ዓመት ደግሞ እርሳቸው ፈቃድ ሲወጡ ግምጃ ቤቱን ያለ ችግር የሚይዝ ሰው አዘጋጅቶ መገኘት ይችላሉ። ይህ ዕቅድ ሹመት የመፈለግ ዕቅድ አይደለም፤ ጠያቂው ግን ከሹመት ፍለጋ ይልቅ የሚወደው ይህን ነው።

ስለዚህ ባለቤትዎ በሚከተለው መንገድ ቢመልሱ መልካም ይመስለናል፤

«አመሰግናለሁ። እግዚአብሔር ቢፈቅድ ለጡረታ ሰባት ዓመት ይቀረኛል፤ ይህንም ጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ለመሥራት አስቤአለሁ። በአምስት ዓመት ውስጥ ግምጃ ቤታችሁ ቆጠራው የማያስፈራ፣ ጉድለቱ በዚያው ቀን የሚታወቅ እንዲሆን አደርጋለሁ። ከሥሬ የሚሠሩትን ወጣቶች አሠለጥናለሁ፤ በምወጣበትም ቀን ቍልፉን የሚረከብ የበቃ ሰው ይኖራችኋል። መዝገቡን በካርድ 22 ዓመት ይዤአለሁ፤ በኮምፒዩተር መመዝገብን ደግሞ በመማር ላይ ነኝ።»

በዚህ መልስ ውስጥ የፈጣሪ ስም እንዳልተተወ ልብ ይበሉ። ስሙ በመጀመሪያ ተጠራ፤ የሰውም ዕቅድ ተከተለው። «ሰው ያስባል፤ እግዚአብሔር ይፈጽማል» ሲባል እኮ ሰው አስቀድሞ ያስብ ማለት ጭምር ነው። የቃሉንም አገባብ ይመልከቱ። «ጡረታ ብወጣ ይበቃኛል» የደከመ ሰው ንግግር ነው፤ «ለመሥራት አስቤአለሁ» የቈረጠ ሰው ንግግር ነው፤ «አደርጋለሁ» ደግሞ ቃል ኪዳን ነው። አማርኛን በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን የእነዚህን የሦስቱን ልዩነት ቢይዙ፣ በጽሕፈት ቤታቸውም ሆነ በሌላ ቦታ ይጠቅማቸዋል።

ደግሞም አንድ ትንሽ ቃል አለች፤ እርስዋም «ልጄ» የምትለው ናት። በሰፈርና በዘመድ መካከል ይህ ቃል ፍቅር ነው። በጥያቄ ክፍል ውስጥ ግን ጠያቂዪቱ በዕድሜ ልጅ ብትሆንም በሥራው ዳኛ ናት። «ልጄ» በተባለች ጊዜ፣ «ነገ ሳዝዘውም እንዲሁ ሊለኝ ነው» ብላ ብታስብ አይፈረድባትም። እርስዋ «እርስዎ» ስትላቸው እርሳቸውም «እርስዎ» ቢሏት፣ ሁለተኛው ስጋት ሳይነገር ይወገዳል።

ስለ ኮምፒዩተሩ የጻፍነው ግን እውነት ሲሆን ብቻ የሚነገር ነው። ባለቤትዎ ገና ካልጀመሩ ሁለት ሳምንት አለዎት፤ ልጅዎም በቤት አለች። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ከእኛ ይልቅ መሣሪያውን ታውቃለች፤ ማታ ማታ አንድ አንድ ሰዓት ታስተምራቸው። አባት ከልጁ መማሩ ነውር አይደለም። እንዲያውም በጥያቄው ቀን «ማን ያስተምርዎታል?» ቢባሉ፣ «ልጄ ናት» ብለው ቢመልሱ፣ ከወጣት ጋር ተስማምቶ ለመሥራት ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ይገኛል? «ልጄ» የሚለው ቃል በተገቢው ቦታው የዋለው ያን ጊዜ ነው።

እንደዚሁም የማይፈጽሙትን አይናገሩ። ጤናቸው የማይፈቅድላቸው ነገር ካለ፣ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ አገር ቤት ለመመለስ ቈርጠው እንደ ሆነ፣ ሰባት ዓመት ብለው ቃል መስጠት አይገባቸውም። ሁለት ዓመት በሚገባ የሚሠራ ሰው የሚፈልግ ድርጅትም አለ። መልሱንም በቃል አጥንተው እንደ ዳዊት አይድገሙት፤ ሐሳቡን ይያዙና ቃሉ የራሳቸው ይሁን። ለዚህ እርስዎ ይርዷቸው። ከእራት በኋላ ጠያቂ ሆነው ከፊታቸው ይቀመጡ፤ ሦስት ምሽት ይጠይቋቸው፤ እርሳቸውም ሦስቱንም ምሽት በተለያየ ቃል ይመልሱ።

በጠረጴዛው ማዶ ለሚቀመጡት ሹማምንትና ኀላፊዎችም አንድ ቃል አለን። የሸመገለ ሰው በፊታችሁ ሲቀርብ ስለ ዕድሜው የምታስቡትን በእንቈቅልሽ አትጠይቁት። «ይህን ሥራ ከእኛ ጋር ስንት ዓመት ለመሥራት ያስባሉ? በዚያስ ጊዜ ምን ሠርተው ለማለፍ ይፈልጋሉ?» ብትሉት፣ ፊት ለፊት የተጠየቀ ሰው ፊት ለፊት ይመልሳል። ከዚህም በላይ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156፣ 2011 ዓ.ም.፣ ለአሠሪው እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ፈቅዷል። የሰውዬው ጕልበትና ትጋት በዚያ ጊዜ በሥራ ላይ ይታያልና፣ በሽበቱ ብቻ አስቀድማችሁ አትፍረዱበት።

የተከበሩ እኅታችን፣ በመጨረሻ እውነቱን እንንገርዎ። ባለቤትዎ ይህን ሁሉ አስተካክለው ቢመልሱም ሥራው ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። ገና ከመግባቱ በዕድሜው የተፈረደበትን ሰው የትኛውም መልስ አያድነውም። እንዲያ ከሆነ ጥፋቱ የእርሳቸው አይደለምና፣ በቤትዎ እንደ ጥፋተኛ አንገታቸውን እንዳይደፉ ይጠብቋቸው። ያለፈው ወር መልስ ግን ሊታረም የሚችል ነበር፤ ሊታረም የሚችለውን ማረም የእኛ ፈንታ ነው። ባለቤትዎ ስለ ነገ ለሸመገለ ሰው ምን ጥያቄ አለው ብለዋል። አለው እንጂ፤ 22 ዓመት የሰው ንብረት ሳያጐድል የጠበቀ ሰው፣ የቀረውን ሰባት ዓመት በምን እንደሚሞላው ቢጠየቅ የሚናገረው ነገር አያጣም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የሆነውን ቢጽፉልን ደስ ይለናል። ለልጅዎም ለመምህርነትዋ ሰላምታችንን ያቅርቡልን።