ያረጀ ወይን ለአዲስ ቀማሽ

«ያረጀ ወይን ለማያውቅ ሰው ማቅመስ ገንዘብ መድፋት ነው» የሚል አስተያየት ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ፈረንሳይ የሚኖረው የእህቴ ልጅም መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነበር። ለእረፍት ሲመጣ ሁለት ጠርሙስ የቦርዶ ቀይ ወይን ይዞ ጌጫ ገባ፤ አንዱ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1996፣ ሌላው የ2005 ነው። ለቤተሰብ ብቻ ሊከፍተው አስቦ ኖሯል። እኔ ደግሞ ጎረቤት ሳይጠራ ጠርሙስ መክፈት አልለመድኩም፤ ስምንት ሰው ለእራት ጠራን። ከስምንቱ አንዱም ያረጀ ወይን ቀምሶ አያውቅም።

ከውጭ በሚመጣ ዘመድ እጅ እንዲህ ያለ ጠርሙስ የሚደርሰው ቤት ዛሬ ጥቂት አይደለምና አሰናዳዱን ልንገራችሁ። ቀይ ወይን ዓመታት ሲቆይ ቀለሙና አፍ የሚያኮማትረው ነገር እየተያያዘ ከታች ይረጋል። አተላ ማለት ነው፤ ጠጅ ለሚጥል ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የእኛ ጠርሙሶች በጅማ፣ በቦንጋ፣ በሚዛንና በቴፒ መንገድ ሲናጡ ስለመጡ አራት ቀን ቀጥ አድርገን አቆምናቸው። ቡሹ በዕድሜ ብዛት ይፈረፈራልና መክፈቻውን ሳይቸኩሉ ማዞር ነው። ከዚያ የጠርሙሱን አንገት በሻማ ብርሃን እያዩ ወደ ንጹሕ ጆግ ቀስ አድርጎ መገልበጥ፣ አተላው አንገቱ ጋ ብቅ ሲል ማቆም። ወጣት ወይን ተከፍቶ ሰዓታት ቢቆይ ይለሰልሳል፤ ያረጀው ግን ሽታው ቶሎ ይበንናል። ስለዚህ እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ ይከፈታል። ፍሪጅ አያስፈልገውም፤ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይስማማዋል፤ የእኛ አገር ዝናባማ ምሽት ለዚህ ማንም አይወዳደረውም።

ዋናው ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ጠጅ የለመደ ሰው ወይን ሲባል የሚጠብቀው ጣፋጭ ነው። ድንገት የ1996ቱን ቢሰጡት «ኮምጥጧል» ብሎ ያስቀምጠዋል፤ አይፈረድበትም። ስለዚህ በጠጅ ጀመርን። ቀጥሎ የአገራችንን ወይን ቀዳን። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ከቦርዶ ባመጣው የወይን ችግኝ ዝዋይ ላይ እርሻ መሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ወይኑን ለገበያ አቅርቧል። ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን የሚባሉትን ቀይ ዝርያዎች እዚያ ተክሏል። (ጉማሬና ጅብ እንዳይገባበት እርሻው ዙሪያውን ጉድጓድ ተቆፍሮለታል፤ እንዲህ ያለ ጥበቃ ፈረንሳይ ውስጥ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።) ካበርኔና ሜርሎ የቦርዶም ወይን መሠረት ስለሆኑ ከዝዋዩ ወደ 2005ቱ፣ ከ2005ቱ ወደ 1996ቱ መሸጋገር ደረጃ እንደ መውጣት ሆነ።

አፍ የሚያኮማትረውን ነገር «ታኒን» ይሉታል። የእህቴ ልጅ በብዙ ቃል ሊያስረዳ ሲደክም አንዲት ጎረቤቴ «ጌሾ በዛበት አትልም እንዴ?» አለችው። አንዱ ከቅጠልና ከእንጨት፣ ሌላው ከወይን ፍሬ ቆዳና ዘር የሚመጣ ቢሆንም አነጋገሯ ለገበታው በቂ ነበር። ያ «ጌሾ» ነው ከዓመታት በኋላ የሚለዝበው። የፍሬው ሽታ ይሸሽና በምትኩ የቆዳ፣ የእንጉዳይ፣ የትምባሆ፣ የረጠበ ቅጠል ሽታ ይመጣል።

በ1996ቱ ጠርሙስ ላይ 1855 የሚል ቁጥር ነበረበት። አንዱ እንግዳ ደንግጦ «ይሄ በቴዎድሮስ ዘመን የተጠመቀ ነው?» አለ። ቁጥሩ የወይኑ ዕድሜ አይደለም፤ ሳልሳዊ ናፖሊዮን ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሲል የቦርዶ ወይኖች በደረጃ እንዲመደቡ ያስደረገበት ዓመት ነው። እንግዳችን ግን ታሪኩን አልሳተም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ደረስጌ ማርያም የነገሡት በዚያው ዓመት ነው።

ከተጋባዦቹ አንዱ ንብ አናቢ ነው። ሃይማኖቱ ስለማይፈቅድ አልኮል አይቀምስም፤ በብርዝ ነው ያመሸው። ብርጭቆውን ግን ተቀብሎ አሸተተና ዝም አለ። ቆይቶ «ሲስተር፣ ይሄማ ደን ነው፤ ከዝናብ በኋላ ቀፎ ሊያወርዱ ሲገቡ የሚሸተው» አለኝ። ዕድሜ ልኩን በሸካ ደን ውስጥ ማር ሲቆርጥ የኖረ፣ የገተም አበባ ማርን ከሌላው በአፍንጫው የሚለይ ሰው ነው። ሌላዋ ደግሞ «ከድሮ ሳጥን የወጣ ነጠላ» አለች። ሁለት እንግዶች ጨርሶ አልወደዱትም፤ ወደ ጠጃቸው ተመለሱ። የእህቴ ልጅ ሊያግባባቸው ሲጀምር በዓይኔ ከለከልኩት። ጠርሙሱ ውድ ነው ተብሎ እንግዳ ሲጠጣ ማስመሰል የለበትም።

ምግቡን በተመለከተ፣ በርበሬና ሚጥሚጣ ያረጀ ወይን ይገድላሉ። ቆጮ ከአይብ ጋር፣ አልጫና ቅመም ያልበዛበት ጥብስ አቀረብን። ቀኑም የፍስክ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ የሙያዬን ልናገር። «ቀይ ወይን ደም ይሆናል» እየተባለ ለአራስና ለደም ማነስ ሕመምተኛ ሲሰጥ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ቀለሙ ነው እንጂ ደም አይሆንም፤ እንዲያውም ታኒኑ፣ እንደ ሻይና ቡና፣ ከምግብ የምናገኘው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያውካል። አልኮሉም በእናት ጡት ወተት በኩል ወደ ሕፃኑ ያልፋል፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ጥቂቱም አይመከርም። ቀይ ወይን ለልብ መድኃኒት ነው የሚለውን ወሬ የአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን በ1991 በሰፊው አሰራጭቶት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በጥር 2023 ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ በግልጽ አስታውቋል። ወይን ከ12 እስከ 14 በመቶ አልኮል አለው፤ ከተለመደው ቢራ ከእጥፍ ይበልጣል። እኛ አንዱን 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስምንት ጠጪ ስናካፍለው ለአንድ ሰው ከ100 ሚሊ ሊትር በታች ደረሰው። ለመቅመስ ይህ ይበቃል።

«በሞቴ፣ አንድ ብቻ» የምንለው ነገር ከሁሉ ያስፈራኛል። ከስምንቱ እንግዶች ሌላው ያልጠጣው መድኃኒት እየወሰደ ነበር፤ የምን እንደሆነ ገበታ ላይ አይወራም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጉበትን ስለሚጫን ከአልኮል ጋር አይሄድም፤ የስኳር፣ የሚጥል በሽታና የእንቅልፍ መድኃኒትም እንዲሁ አደጋ አለው። ስለዚህ የምጠራቸውን ሰዎች ቀደም ብዬ ለየብቻቸው ነው የምጠይቀው። በሰው ፊት ሲጠየቅ «አልጠጣም» ለማለት የሚያፍር ብዙ ነው። ለእርሱም ብርዙን እንደ ሌሎቹ በወይን ብርጭቆ ቀዳሁለት፤ የእህቴ ልጅ ብርጭቆውን አንስቶ አስቀድሞ ያጋጨው ከእርሱ ጋር ነበር።